ሐሩ መቼ ነው የሚሄደው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሐር ሁለት አንቀጽ ጽፌ ነበር። ተመራማሪዎች ከሐር ትል ክር ስፖንጅ የመሰለ ነገር ይሠራሉ፤ ስፖንጁ ላይ የአጥንት ሕዋስ ይዘሩበታል፤ አጥንቱ እያደገ ሲሄድ ሐሩ ቀስ እያለ ይጠፋል አልኩ። በቃ ይኸው ነበር። ለሁለት አንቀጽ ይህን ያህል ደብዳቤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ግማሹ ጠያቂ ነው፣ ግማሹ ተቆጪ። አንዷ እንዲያውም በጨዋ ደንብ «ዋሽተሃል» ብላኛለች። ከእሷ ልጀምር።

«ጤና ይስጥልኝ። ቀዶ ጥገና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ 11 ዓመት ሆኖኛል። ሲልክ ሱቸር፣ ማለትም ቁስል የሚሰፋበት የሐር ክር፣ የማይሟሟ ነው ተብለን ነው የተማርነው፤ ተማሪዎችንም እንደዚያው አስተምራለሁ። ቆዳ ላይ ከተሰፋ ቀን ቆጥረን እናወጣዋለን። አንተ ደግሞ ሐር ሰውነት ውስጥ ይጠፋል አልክ። የቱን እንመን?» — ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ሁለታችንም ልክ ነን። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ሳላብራራ አልፌዋለሁ።

«የማይሟሟ» የሚለው ስም የመጣው ከ60 ቀን መለኪያ ነው። ክሩ ሰውነት ውስጥ ገብቶ በ60 ቀን ውስጥ አብዛኛውን ጉልበቱን ካጣ «የሚሟሟ» ይባላል። ካላጣ «የማይሟሟ»። ሐር 60 ቀኑን ያለችግር ይሻገራል፤ ስለዚህ ከናይለንና ከፖሊፕሮፒሊን ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። መለኪያው ግን ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አይጠይቅም። ውስጥ የቀረ የሐር ክር በአንድ ዓመት ገደማ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ቢፈልገውም ብዙውን ጊዜ አያገኘውም።

የት ይሄዳል? ሐር ፕሮቲን ነው። ሰውነታችን ውስጥ ደግሞ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ሞልተዋል። ቀስ እያሉ ይከረክሙታል፤ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው አሚኖ አሲድ ነው፣ ያው ከሽሮም ከሥጋም የምናገኘው። ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባለው የሚሟሟ ፕላስቲክ ሲበጣጠስ ግን አሲድ ይለቅቃል፤ አንድ ቦታ ላይ ከተጠራቀመ አካባቢውን ያስቆጣል። ሐር ይህ ጣጣ የለበትም።

እዚህ ላይ «ታዲያ እኛ ክፍል ሐሩ ከናይለን ይልቅ ቁስሉን የሚያቀላው ለምንድን ነው?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። እናንተ ጋ ያለው ጥቁር ክር የተጎነጎነ ነው፤ ቀለም ተነክሯል፤ ሰም ወይም ሲሊኮን ተቀብቷል። ጉንጉኑ መሐል ፈሳሽ ይገባል፣ ባክቴሪያም አብሮ ይገባል። ከዚህ ሌላ የድሮው ሐር ስሙን ያጠፋበት ዋናው ምክንያት በደንብ አለመታጠቡ ነው። ትሉ ሲፈትል የሚያወጣው ሁለት ዓይነት ፕሮቲን ነው። መሐል ላይ ያለው ጠንካራው ክር ፋይብሮይን ይባላል። በላዩ የተለበጠው ሙጫ ደግሞ ሰሪሲን ነው፤ ከጠቅላላው ክብደት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። ሁለቱ አብረው ሲገቡ ነው ሰውነት ብዙ ጊዜ የሚቆጣው። ሙጫው ታጥቦ ከወጣ ፋይብሮይን ብቻውን ጨዋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ባለፈው መጻፍ የነበረብኝ እሱን ነበር። ፋይብሮይን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ግላይሲን፣ አላኒንና ሴሪን የሚባሉ ትናንሽ አሚኖ አሲዶች ደጋግመው ይመላለሱበታል። ትናንሽ ስለሆኑ ሰንሰለቶቹ ሳጥን ውስጥ እንደተደረደረ ነጠላ ተጣጥፈው ይደራረባሉ። ይህ ድርድር ቤታ ሺት ይባላል። እዚያ መሐል ውሃም ኢንዛይምም በቀላሉ አይገባም። ድርድሩ ብዙ ከሆነ ሐሩ ይቆያል፤ ጥቂት ከሆነ ቶሎ ይሄዳል። ጨርሶ ያልተደራረበ የሐር ስስ ፊልም እንዲያውም ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ስኳር ይሟሟል።

እና ድርድሩን የሚወስነው ሠሪው ነው። በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ሥራ ይህን በደንብ ያሳያል (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር ናቸው)። ከአንድ ዓይነት የሐር ፕሮቲን ሁለት ዓይነት ስፖንጅ ሠሩ፤ አንዱን በውሃ፣ ሌላውን በኦርጋኒክ ፈሳሽ። አይጦች ውስጥ ቀበሩት። በውሃ የተሠራው በ2 እና በ6 ወር መካከል ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ሌላው ዓመት ካለፈው በኋላም አልጠፋም። ፕሮቲኑ ያው ነው፣ አሠራሩ ነው የለየው። ሰው ስለ ሐር ሲያወራ «ጠንካራ ነው፣ የተፈጥሮ ነው» ይላል። ብረትም ጠንካራ ነው፣ የጎማ ዛፍ ሙጫም የተፈጥሮ ነው። እኔን የገረመኝ ቀጠሮ የሚቀበል መሆኑ ነው፤ መቼ እንደሚሄድ አስቀድመህ ትነግረዋለህ።

ለተማሪዎችሽ ስትነግሪያቸው «በ60 ቀን መለኪያ የማይሟሟ» በያቸው። ፈተና ላይ «የማይሟሟ» ብለው ይመልሱ፤ ነጥብ እንዳያጡ።

«የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ብሠራስ ብዬ አሰብኩ። ቤተ ሙከራችንን ያው ታውቀዋለህ። ከክር ወደ ስፖንጅ እንዴት ነው የሚደረሰው? መርካቶ የሐር ጨርቅ ገዝቼ ብጀምርስ?» — ከጎንደር

ጨርቁን ተወው። መጀመሪያ ነገር ሐር ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው ፖሊስተር ነው። አንድ ክር መዝዘህ በክብሪት አቃጥለው፤ ሐር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጉብታ ይሆናል። እውነተኛ ሐር ቢሆን እንኳ ቀለምና ማለስለሻ ገብቶበታል። ኮኩኑን ራሱን ፈልግ፤ ትሉ ዙሪያውን ፈትሎ የሚገባበትን ድቡልቡል ቤት ማለቴ ነው። የመልበሪ ቅጠል ከሚበላው ትል ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ ለአርባ ምንጩ ወዳጃችን በምሰጠው መልስ ታገኘዋለህ።

አሠራሩ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይቀላል። 5 ግራም ኮኩን በመቀስ ቆራርጥ፤ ውስጡ ያለውን አውጥተህ ጣል። 2 ሊትር ውሃ አፍላ፤ 4.24 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት ጨምርበት። የልብስ ሶዳ የሚባለው ነው እንጂ የዳቦው እንዳይመስልህ። 30 ደቂቃ ቀቅል። ሰሪሲኑ እዚህ ይወጣል። ሰዓቱን ጠብቅ፤ ብዙ ከቀቀልከው ፋይብሮይኑም ይቆራረጣል፤ የተቆራረጠ ደግሞ ቶሎ ይሟሟል፣ ቶሎም ይሰበራል። ከዚያ በንጹህ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥበህ አድርቅ። ስትመዝነው ሩቡ ገደማ ካልቀነሰ ሙጫው አልወጣም ማለት ነው፤ መልሰህ ቀቅል።

የደረቀው ነጭ ነገር የተባዘተ ጥጥ ይመስላል። እሱን ማሟሟት ነው ከባዱ። የታወቀው መንገድ 9.3 ሞላር ሊቲየም ብሮማይድ ውስጥ በ60 ዲግሪ 4 ሰዓት ማቆየት ነው። ሊቲየም ብሮማይድ ውድ ነው፤ ውሃ ሲነካ ደግሞ ይግላል፣ ቀስ እያልክ ነው የምትጨምረው። ካላገኘህ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ኤታኖልና ውሃ በሞል 1 ለ2 ለ8 ቀላቅለህ ከ70 ዲግሪ በላይ አሙቀው፤ ይሠራል። ካልሲየም ክሎራይዱ በውስጡ ውሃ የያዘው ዓይነት ከሆነ ሒሳቡ ላይ እንዳትረሳው። ቀጥሎ ፈሳሹን 3,500 ዳልተን የዳያሊሲስ ከረጢት ውስጥ ጨምረህ ውሃውን እየቀያየርክ ሁለት ቀን ታቆየዋለህ፤ ጨዉ ይወጣል፣ ሐሩ ይቀራል።

አሁን እጅህ ላይ ያለው የሐር ፈሳሽ ነው፤ ከ6 እስከ 8 በመቶ ፕሮቲን። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው። አደራ፣ እንዳትንጠው! እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ ጠርሙስ በደንብ ይቀላቀል ብዬ እንደ ጁስ ናጥኩት። ማታ ደህና ነበር። ጠዋት ስመጣ ጠርሙሱ ውስጥ እርጎ አገኘሁ። የሁለት ሳምንት ሥራ። ሐር ሲናጥ ሰንሰለቶቹ ይጎተታሉ፣ ይገናኙና መደራረብ ይጀምራሉ፤ አንዴ ከጀመሩ ወደ ኋላ የለም። ሸረሪቷም ትሉም ውስጣቸው ያለውን ፈሳሽ ወደ ክር የሚለውጡት ከሌሎች ነገሮች ጋር በዚሁ ጉተታ ነው፤ ለእነሱ ስጦታ ነው፣ ለእኔ ኪሳራ ነበር።

ወደ ስፖንጁ። ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ፈሳሹን ጨምር፤ ላዩ ላይ በወንፊት የተለየ ጨው በትንሽ በትንሹ ነስንስ። ፍሬው ከ500 እስከ 600 ማይክሮን ይሁን፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር አለፍ ያለ ማለት ነው። አንድ ሁለት ቀን ተወው። ጨዉ ሐሩን ያረጋዋል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ስትነክረው ጨዉ ሟሙቶ ይወጣል፤ ጨው የነበረበት ሁሉ ቀዳዳ ይሆናል። ሕዋሶቹ የሚገቡት በዚያ ነው። ጨዉ የኩሽና ጨው ነው እኮ!

ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ ሕዋስ ማሳደጊያ ከሌለ አትጨነቅ። እኔ አንተን ብሆን ሁለት ስስ ፊልም እሠራ ነበር። አንዱን በውሃ እንፋሎት፣ ሌላውን በሜታኖል አክም፤ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጥና በየሁለት ቀኑ እያደረቅህ መዝን። ጥሩ ሚዛንና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ሌላ ደስ የሚል ነገር፣ ሐር በ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ ውስጥ፣ ጀርም በእንፋሎት የሚገደልበት ዕቃ ማለቴ ነው፣ ይገባል፤ አይበላሽም። ኮላጅን የሚባለውን የቆዳና የጅማት ፕሮቲን ብታስገባ ሾርባ ይሆንብሃል።

«ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። ጉልበቴ ውስጥ ያለው ኤሲኤል የሚባለው ጅማት ተበጥሷል። ሐኪሙ ከጭኔ ጀርባ ጅማት ወስዶ እንደሚተካልኝ ነገረኝ። ደህናውን ጅማቴን ከማስቆርጥ በሐር ማስተካት አልችልም? ውጭ አገርስ?» — ከአዳማ

ወንድሜ፣ ዛሬ አይቻልም። ይህን አስቀድሜ የምልህ ልብህ እንዳይንጠለጠል ነው። ሐኪምህ ያለህ ነገር በዓለም ላይ የተለመደው ሕክምና ነው፤ ከጭን ጀርባ ወይም ከጉልበት ሎሚ ሥር ጅማት ይወሰዳል።

ጥያቄህ ግን የዋዛ አይደለም። ተመራማሪዎችም የጠየቁት እሱኑ ነው፣ ያውም ሐርን በቲሹ ኢንጂነሪንግ ውስጥ ቁም ነገር አድርገው የያዙት በአብዛኛው በዚሁ በአንተ ጅማት ሰበብ ነው። ቲሹ ኢንጂነሪንግ ምንድን ነው ካልከኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ የሚታሰረውን የባሕር ዛፍ ርብራብ አስብ። ፎቁ ርብራቡ አይደለም። ግን ያለ ርብራቡ ሠራተኛ አይወጣም፣ ብሎኬት አይደረደርም። ሲያልቅ ይፈታል። ሰውነት ውስጥም ሕዋሶች ቆመው የሚሠሩበት ርብራብ ይሰጣቸዋል፤ ልዩነቱ የሚፈታው ሰው የለም፣ ራሱ መፈታት አለበት። ቀድሞ ከተፈታ ሕንፃው ይናዳል። ሳይፈታ ከቀረ ሌላ ችግር ነው።

ኤሲኤል ሲበጠስ በራሱ አይገጥምም፤ መገጣጠሚያው ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ነው ያለው፣ ለመዳን የሚያስፈልገው የደም እርጋታ እዚያ አይቆምለትም። ኮላጅን ብቻውን ርብራብ ቢሆን ቶሎ ይፈታል፣ ጭነቱንም አይችልም። ሐር ግን ሁለቱንም ይችላል። የተፍትሱ ዴቪድ ካፕላን ያለበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ሙጫው የወጣለትን የሐር ክር እንደ ገመድ ደረጃ በደረጃ እየገመደ የኤሲኤልን ጥንካሬ የሚስተካከል ነገር ሠራ፤ የሰው ግንድ ሕዋሶችም፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችሉት፣ ተጣብቀው አደጉበት። ከዚያ ፍየሎች ጉልበት ውስጥ እስከ 12 ወር ድረስ ተሞከረ። ሐሩ እየቀነሰ፣ በቦታው አዲስ ጅማት መሰል ቲሹ እየገባ ሄደ።

ታዲያ ለምን ሆስፒታል አልደረሰም? ጉልበት ጨካኝ ቦታ ነው። በቀን ሺህ ጊዜ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፤ ጅማቱ አጥንቱ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ይፋጫል። አንድ ጊዜ ቢላላ ሰውየው መልሶ ቢላዋ ሥር ነው። ከጭንህ የሚወሰደው ጅማት ደግሞ በደንብ ይሠራል፤ አዲስ ነገር እሱን መብለጥ አለበት፣ መስተካከል ብቻ አይበቃውም። ያው ሐር በኋላ እንደ ሹራብ መረብ ተሠርቶ ወደ ቀላል ቦታ ዞረ፤ የሆድ ግድግዳን የመሰለ የላላ ለስላሳ ቲሹ ለመደገፍ የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ፈቀደው። እዚያም ጣጣ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤፍዲኤ ለአምራቹ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ላልተፈቀደለት የጡት ቀዶ ጥገና እያስተዋወቅህ ነው ብሎ። ይህን የማነሳልህ አንድ ነገር «ተፈቅዷል» ሲባል ለምን እንደተፈቀደ መጠየቅ ስለሚገባ ነው። ነገ አንድ ሰው ውጭ አገር ወስጄ የሐር ጅማት አስገባልሃለሁ ቢልህ ብርህን ያዝ።

ከአንተ ጉዳይ ቀረብ የሚለው ነገር ብሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በቦስተን ያሉ ሐኪሞችና የተፍትስ ሰዎች ከሐር ብቻ ብሎን ቀርጸው አይጦች የጭን አጥንት ውስጥ አሰሩት። አጥንቱ ውስጥ ራሱን እየቆረጠ ገባ፤ በሳምንታት ውስጥም መሟሟት ጀመረ። ብረት ብሎን አንዳንዴ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ተደርጎ ይወጣል፤ ይህኛው መውጣት አያስፈልገውም። ግን አይጥ ነው፤ የአንተ ጭን ላይ የሚያርፈው ጭነት ሌላ ነው።

ፊዚዮቴራፒህን አታቋርጥ። አዲሱ ጅማት አጥንቱ ላይ እስኪጣበቅ ወራት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው «ዳንኩ» ብሎ ኳስ ሜዳ የሚገባው እዚያ መሐል ላይ ነው።

«ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ አማርኛ እያስተማርኩት ነው። ‘ድር ቢያብር አንበሳ ያስር’ ስለው ‘ታዲያ ለምን በሸረሪት ድር አይሠሩም?’ አለኝ። መልስ አጣሁ።» — ከሜሪላንድ

ጎበዝ ልጅ! አባባሉም ከነገሩ ጋር ሄዷል። የሸረሪት ድር በተለይም የምትንጠለጠልበት ዋናው ክር ከሐር ትል ክር ይጠነክራል፤ ሲሳብም ብዙ ጉልበት ውጦ ነው የሚበጠሰው። ችግሩ ሸረሪቶች አለማበራቸው ነው። የሐር ትሎች አንድ ትሪ ላይ ሺህ ሆነው ቅጠል ይበላሉ። ሸረሪቶችን አንድ ላይ ካስቀመጥካቸው ይበላላሉ።

ሰው አልሞከረም ማለት አይደለም። ማዳጋስካር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሸረሪቶች እየተያዙ፣ ክራቸው እየተሳበ፣ ተመልሰው እየተለቀቁ አንድ ወርቃማ ካባ ተሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ታይቷል። ሥዕሉን ለልጅህ አሳየው፤ ቀለም አልተነከረም፣ ወርቃማነቱ የድሩ የራሱ ነው። አንድ ካባ፣ ዓመታት!

ስለዚህ ሳይንቲስቶች ዘረ መሉን ወስደው ለሌላ ፍጡር ሰጡት፤ ለባክቴሪያ፣ ለእርሾ፣ አንድ የካናዳ ኩባንያ እንዲያውም ለፍየል። ፍየሏ ወተቷ ውስጥ የሸረሪት ፕሮቲን ታወጣለች። ይህን ስትነግረው ፊቱን አይተህ ጻፍልኝ። ፕሮቲኑን ማግኘት ግን ክር ማግኘት አይደለም። የሸረሪቷ ፕሮቲን በጣም ረጅም ነው፤ ባክቴሪያ ሲሠራው ግላይሲን ያልቅበትና መሐል ላይ ያቆማል። ክሩን የመሳቡም ጥበብ የሸረሪቷ ነው። ቢሆንም በጀርመን የሐኖቨር ሐኪሞች የእውነተኛ ሸረሪት ክር በደም ሥር ቱቦ ውስጥ አስገብተው በበጎች እግር ላይ 6 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ነርቭ መልሰው አገናኝተዋል። ነርቭ እንደ ሐረግ ነው፤ የሚወጣበት ክር ይፈልጋል።

«በአርባ ምንጭ ዙሪያ ከወጣቶች ጋር ሆነን የሐር ትል እናረባለን፤ በጉሎ ቅጠል የሚያድገውን። ለሕክምና ኮኩን ይፈለጋል ከተባለ ገበያው የት ነው? ከሸማኔ የተሻለ ይከፍላሉ?» — ወጣት አርቢ

ሥራችሁን አከብራለሁ፤ ግን የማይጨበጥ ተስፋ አልሰጥህም።

የጉሎው ትል ኤሪ ይባላል፤ በሕክምና ምርምር በብዛት የሚሠራበት ደግሞ የመልበሪው ነው። ልዩነታቸው ቅጠል ብቻ አይደለም። የኤሪ ፕሮቲን አላኒን በአላኒን ሆኖ ይደጋገማል፤ በዚህ ከመልበሪው ይልቅ ሸረሪትን ይመስላል። ለአጥኚ ሰው ይህ ጣፋጭ ነገር ነው። ግን ለጎንደሩ ተማሪ በነገርኩት መንገድ በቀላሉ አይሟሟም፤ ካልሟሟ ስፖንጅም ፊልምም የለም። ላኩልኝ የሚል ቤተ ሙከራ ቢኖር እንኳ የሚፈልገው በኪሎ ነው፤ ኩንታል አትጠብቅ። ትሉ ምን በላ፣ ቅጠሉ ተረጭቷል ወይ፣ በሽታ ነበረበት ወይ ብሎ የእያንዳንዱን ዙር መዝገብ ይጠይቃል። ብዙው ከቻይና ይገዛል፣ ዋጋውም እዚያ ነው የሚቆረጠው።

የእናንተ ኮኩን ሀብቱ ሌላ ቦታ ነው። የኤሪ ኮኩን አፉ ክፍት ነው፤ የእሳት እራቷ ወጥታ ከሄደች በኋላም ይፈተላል። ትሉ ሳይቀቀል የተሠራ ሐር ብለው የሚገዙ ደንበኞች አሉ። ልክ እንደ ጥጥ በእንዝርት ስለሚፈተል እናቶቻችን የሚያውቁት ሥራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሳባሃር የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በእጅ የተፈተለ የኤሪ ሐር እያስሸመነ ወደ ውጭ ይልካል። ስለ ዝርያና በሽታ ለመጠየቅ መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሐር ሥራ አለው። ሸማኔውን አትልቀቅ። መዝገብ መያዝ ግን ከአሁኑ ጀምር፤ ደብተርና እስክርቢቶ ነው ወጪው።

«ሙስሊም ነኝ። ጥርሴ ሲነቀል ድዴን በሐር ክር እንደሰፉኝ ቆይቼ ሰማሁ። ለወንድ ሐር አይፈቀድም፤ ሐጢአት ገባሁ? ሌላ ክርስ አልነበረም?» — ከደሴ

የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም፤ ፍርዱን ከሼኽዎ ይጠይቁ። የምነግርዎ ሁለት ነገር ነው። ክልከላው ለወንድ ሐር ስለ መልበስ ነው፤ በሐዲስ እንደተዘገበው ደግሞ ነቢዩ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ለዙበይር በነበረባቸው ማሳከክ ምክንያት ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል። ሼኽዎን ሲያገኙ ይህን ያንሱላቸው። ሁለተኛ፣ አዎ፣ ሌላ ክር አለ። አፍ ውስጥ ሐር የሚመረጠው ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ጫፉ ምላስና ጉንጭ አይወጋም፣ ቋጠሮውም አይፈታም። ናይለን ይወጋል። የሚሟሟ ሰው ሠራሽ ክርም አለ፣ ዋጋው ይወደዳል እንጂ። በሚቀጥለው ጊዜ ከመሰፋትዎ በፊት ይንገሯቸው፤ የሚቀየም ሐኪም የለም።

«አያቴ እጃችን ሲቆረጥ ከጣሪያ ሥር የሸረሪት ድር አንሥታ ትለጥፍልን ነበር፤ ደሙ ይቆም ነበር። እሷም ቲሹ ኢንጂነር ነበረች ማለት ነው?» — ከደብረ ማርቆስ

ሐሳቧ አልከፋም። ደም በቀጭን ነገር መረብ ላይ ቶሎ ይረጋል፤ የሕክምና ጎዝም የሚሠራው በከፊል እንዲሁ ነው። ግን ጣሪያ ሥር ያለ ድር ከአቧራው፣ ከጥላሸቱና ከሞቱ ዝንቦች ጋር ነው የሚመጣው፣ የቲታነስ ጀርም ደግሞ አፈርና አቧራ ቤቱ ነው። ቁስሉን በንጹህ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ በንጹህ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙት፤ የቲታነስ ክትባታችሁ መቼ እንደነበር ካላስታወሳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አያትዎ በሕይወት ካሉ ሰላም በሉልኝ። ድሩን ግን ለሸረሪቷ ተዉላት።